ከሃያ አስራ አንድ

«ፊት ሥሩ» አሉ መምህር አሊጋዝ፣ «የምታውቁትን ፊት፤
ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንደር፣ ከበር፣ ከጎረቤት።»
እኔ የመረጥኩት ዘበኛችንን ነው፣ ጋሽ ሙሄን፣
ጠዋት ስዘገይ አይተው እንዳላዩ የሚያሳልፉኝን።

ጭቃውን ከቦርከና ዳር ቆፈርኩ፣ በጆንያ ሞላሁ፤
የባጃጁ ልጅ አይቶ «አትገቢም» አለኝ፣ በእግሬ ወጣሁ።
ላስቲክ አንጥፌ፣ ጠጠር ለቅሜ፣ እንደ ሊጥ አሸሁት፤
አፍንጫቸውን ሦስት ጊዜ ሠራሁ፣ ሦስት ጊዜ ደፈጠጥኩት።
የግንባራቸውን መስመር በሹካ ጫፍ ስስብ
እጄ ደከመ።
ጆሯቸው ግን በአንድ ጊዜ መጣልኝ።
ምናልባት ሁልጊዜ ሲያዳምጡ ስለማያቸው ይሆናል።

ማቃጠያ የለንም። ትምህርት ቤቱ ያለው ጠመኔና ወንበር።
ሰኞ ገበያ ወርጄ ዳቦ ጋጋሪውን እንድሪስን ለመንኩ፤
«ከዳቦው ኋላ ይግባ» አለኝ፣ «ዳር ዳር።»
ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ምድጃው አጓራ።
አየር ነበረው ውስጡ፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልመታሁት።
የጋሽ ሙሄ ራስ ፈነዳ።
ጉንጫቸው ከዳቦው ጋር ተጋገረ፣
አገጫቸው አመድ ውስጥ ቀረ፤
አንድ ጆሮ ብቻ፣ ቀይ፣ የበሰለ፣ ምንም ሳይሆን ተረፈ።
እንድሪስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ አንድ ዳቦ ጨምሮ፣
«እህቴ፣ ሁለተኛ ሰው እንዳታመጪብኝ» ብሎ፣ ፊቱን አጥቁሮ።

ቀጥሎ ቆርቆሮ ነው፣ የዱቄት ወተት የነበረበት፤
ውስጡን በጥላሸት ቀባሁት፣ ወገቡን በመርፌ ወጋሁት።
ሌንስ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ቀዳዳና ጨለማ።
ወረቀቱን መምህር አስመጡልን፣ ኮምቦልቻ ከተዘጋ ፎቶ ቤት፣
ጊዜው ያለፈበት፣
ለእኔ ስድስት ቅጠል።
አምስቱ ጭጋግ ሆነው ቀሩ።

ስድስተኛውን ይዤ ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቆርቆሮውን አኖርኩ።
አራት ደቂቃ። በልቤ እስከ ሁለት መቶ አርባ ቆጠርኩ።
ጦሳ ጉሙን ለቀቀ፤ መልሶ ሳበው።
ሦስት ባጃጅ አለፈ። አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ዘረጋች፣ አጠፈች።
የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ተጋፍተው ወጡ፤
ጋሽ ሙሄ ከዱላቸው ጋር እንደተቀመጡ።

ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ቀይ ላስቲክ በለበሰ አምፖል ሥር
ወረቀቱን ሳህን ውስጥ ነከርኩት።
መጀመሪያ በሩ መጣ። ከዚያ ድንጋዩ።
ልጆቹ የሉም። ባጃጁ የለም። ጃንጥላዋም የለች።
የተንቀሳቀሰ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኗል።
አንድ ሰው ብቻ ነበረ፣
ሃያ ዓመት አንድ በርጩማ ላይ መቀመጥ የለመደ፤
እሱም ተገላብጦ፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር።

እርጥቡን ወስጄ አሳየኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት።
«ወይ ጉድ፣ ፈረንጅ አደረግሽኝ» አሉ፤ ሳቁ።
ከዚያ ዝም አሉ።
ያ ነጭ ጢማቸው ወረቀቱ ላይ የቁራ ላባ መስሏል።
በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት።
«ይህ ጢም ነበረኝ እኮ፣ መርሳ ሳለሁ፣ ብርቱካን ስጭን።
ሚስቴ ይህን አይታ ነው እሺ ያለችኝ።»

«ገና አላለቀም» አልኳቸው፣ «ሌላ ወረቀት ላይ ይገለበጣል፣
ነጩ ወደ ነጭ፣ ጥቁሩ ወደ ጥቁር ይመለሳል።»
«ተይው» አሉ። «ተይው በአላህ።
እሱንማ መስታወቱም ያሳየኛል።»
ሳያጥፉ ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ከመታወቂያቸው ጎን።

«ራሱስ?» አሉኝ መምህር አሊጋዝ።
«ፈነዳ።»
«ፎቶውስ?»
«ኪስ ገባ።»
ያቺን ጆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።
አነሷት፤ መስኮት ዳር ወስደው አገላበጧት፤
ቆዩ።
ከሃያ አስራ አንድ ጻፉልኝ፣ በቀይ፣ «ያልተጠናቀቀ»፤
ከሥሩ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣
«ጆሮው ግን ይሰማል።»