ሳይጠሩት አቤት

ሰገድ ከተማ፣ የካቲት፤ ቲሳ ወንዝ በረዶ ለብሷል፤
የኤተልካ ሻይ ከጠረጴዛው ዳር ቀዝቅዟል።
ከማጉያው ሥር አንዲት የዝንብ ክንፍ ተዘርግታ፣
ትንፋሽ እንዳይወስዳት በሙጫ ጠብታ ተገትታ።
አምስት ሥር ነበር ወጉ፣ እንደ ቦይ የተሰመረ፤
ዛሬ ቅርንጫፉ ሁሉ በሌላው ማሳ አደረ።

የቆረጠቻት እጥፋት፣ መቶ ፊደል የማትሞላ፣
ሥራዋ መታጠፍ ነበር፣ የፕሮቲኑን አፍ ከልላ፣
መልእክት ከደጅ እስኪመጣ
«ቆይ፣ ገና ነው» እያለች፣ ቃል ሳይደርስ ቃል እንዳይወጣ።
አሁን የለችም።
ሕዋሱ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል፤
እደግ ሳይሉት አድጎ፣ ሳያዙት ለሁለት ይከፈላል፤
ጎረቤቱ «በቃህ» ቢለው
ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አባቷ ቬንደል የቲሳ ክትር ጠባቂ ነበር፤
አርባ ዓመት በፋኖስ ዞረ፣ ውሃው መስመሩን ሳይሻገር።
ሰፈርተኛው «ምን ሠርተህ ነው የምትበላው?» ሲለው፣
ጭቃውን ከቦቲው እያራገፈ፦
«ምንም እንዳይሆን ነው!»

ማታ ከመዝገቧ ላይ የእጥፋቷን ቁጥር ሰረዘች፤
ከጎኑ፣ በእርሳስ፣ በትንንሹ፣
«ቬንደል» ብላ ጻፈች።