ትኩሳት

ሄርማታ፣ አዳራሹ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ሺህ ሰው ባንድ ጉልበት ሲዘልል፣ ሲሰክር፣
እኔ ከመድረክ ሥር፣ ከድምፅ ማጉያው ጥግ፣
በተዋስኩት ዓይን ምስል ስፈላልግ።
የነስሩ ካሜራ ነው፤ ለሰርግ የሚያከራየው፤
"እንደ ልጄ ያዘው" ብሎኛል።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰውነቱ ጋለ፤
ስክሪኑ ላይ ቀይ ቴርሞሜትር በቀለ፣
ሁለቴ ብልጭ አለ፤
ጠፋ።
ልክ ዘፋኟ ማይኩን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ
በባዶ ጉሮሮዋ ስትጀምር።

መዳፌን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ይፋጃል።
ባትሪውን ነቀልኩት፤ እሱም ያተኩሳል።
በጃኬቴ ጠቅልዬ፣ ሰው ገፍቼ ወጣሁ።
ውጭ ዝናብ። ከታዛው ሥር ቁጢጥ አልኩ፣
ቀዝቃዛ ሃይላንድ ከጎኑ አስጠግቼ
እፍ እያልኩ።

ኦቾሎኒ ሻጯ ዘሃራ አንገቷን አሰገገች፤
"አላህ አፊያ ያድርገው! ስንት ወሩ ነው?" አለች።
"አራት ዓመቱ።"
"አዬ! በጣም አንሷል።"
ገልጬ ሳሳያት አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች፣
ከዚያ ድንገት ዝም አለች።
በግድግዳው በኩል ዘፈኑ መጣ፤
ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ፣
እንደ ጎረቤት ለቅሶ።
የምትቆጥረውን ሳንቲም ረሳችው።

ሲበርድለት ባትሪውን መለስኩ፤
ይሠራ እንደሁ ብዬ አንዴ ተጫንኩ።

ጠዋት አዘጋጁ፣ አቶ ዲኖ፣ አራት መቶ ምስል አገላብጦ
"ያ ዘፈንስ?" አለ።
የለም።
አምስት መቶ ብር ቀነሰብኝ።
አንዷን ግን አላሳየሁትም፦
የደበዘዘች፣ ግማሿ ዝናብ፣
አንድ እጅ ብቻ፣ ኦቾሎኒ ሰፍሮ
አየር ላይ የቆመ፣
የሚያዳምጥ እጅ።