ሳለች

ክሌማንስ በቤት ሳለች፣ ባዝራዋ አልሳለችም።
ከሄደች ወዲህ ነው፤ በጥቅምት ማለዳ
ድርቆሹን ዘርግፌ ጀርባዬን ሳዞር
ሁለት ጊዜ ሳለች፤ አንኳኩቶ ከበር
መልስ አጥቶ እንደሄደ እንደ ሩቅ እንግዳ።

«ብርድ ነው» አልኩና፣ የዡራን ክረምት ፈርቼ፣
መስኮቱን በሳንቃ ቸነከርኩ ዘግቼ፤
ስንጥቁን በጭድ ወተፍኩ፤ ብርድ ልብስ ደረብኩኝ፤
ሌሊቱን ከጎኗ፣ ድርቆሽ ላይ አደርኩኝ።
ጎረቤቴ ኦዲሎን ማር በጦስኝ አፍልቶ
አመጣ በጣሳ፣ በረዶውን ገፍቶ፤
ላሰች።
ወደደችው።
ሳለች።

በኅዳር አፍንጫዋ እንደ መለከት ሰፋ፤
ላንዲት ትንፋሽ ሆዷ ሁለት ጊዜ ለፋ፤
ከጎድኗ በታች መስመር ወጣ፣ እንደ ቦይ፣
ጡንቻዋ የቆፈረው አየር ፍለጋ ላይ።
ትኩሳት የላትም። መኖዋን አትተውም።
እና ምን ሆነች? አላውቅም።

ዶክተር ሶላንዥ መጣች፣ በትንሿ መኪናዋ፤
ከመርፌ ቀድሞ ጥያቄ ወጣ ከሻንጣዋ፤
«መቼ ነው የምትስል? ስትበላ? ስትሮጥ?
በበጋስ፣ በመስኩ፣ ሣር ስትግጥ?»
«በመስክ ሳለች» አልኩ፣ «አልሳለችም።»
ቃሉ አፌ ውስጥ ተደናቀፈ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

መንጋጋዋን ዳበሰች፤ እብጠት የለም፤ ሙቀቷም ደህና፤
ፌስታል ካፍንጫዋ አጠለቀች፣ በጥልቁ እንድትተነፍስ፤
ማዳመጫውን ከጎኗ ለጥፋ፣ ዐይኗን ጨፈነችና
«ይምጡ፣ ይስሙ» አለችኝ።
በተዘጋ ቤት ስንጥቅ የሚያፏጭ ነፋስ።

ከዚያ ጫፉ የሚያበራ ቀጭን ቱቦ ባፍንጫዋ ሰደደች፤
የጉሮሮዋን ዋሻ በስክሪን አየሁት፤
ወለሉ ላይ አክታ፣ የሻማ ሰም መስሎ የረጋ።
ጨው ያለው ውሃ ወደ ሳንባዋ ላከች፣
መልሳ መጠጠች፣ ለላቦራቶሪ ቋጠረች።
«ውጤቱ ይምጣ እንጂ፣ ተህዋሲ አይመስለኝም» አለች፤
እፍኝ ድርቆሽ መዘዘች፣
በባትሪዋ ብርሃን ፊት አራገፈች።

ጭስ። እሳት የሌለው ጭስ።

ያ ድርቆሽ የታጨደው ዝናብ ባላባራበት ሐምሌ፤
ክሌማንስ ሆስፒታል፣ እኔ ደመና ከላዬ፣
የመጠየቂያው ሰዓት እንዳያልፍ ስካለብ
እርጥቡን ጠቅልዬ አሰርኩት በገመድ።
ሻጋታው አልቸኮለም። ጠበቀን።

በዚህ መሃል ሳልኩ። አፌን በክንዴ ከደንኩት።
«ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉት ተረት ይኸው፣ እኔው ሆንኩት።
ዞር አለች፦ «እርስዎስ፣ ሙሴ ፍሯድቮ? ከመቼ ጀምሮ?»
«ትምባሆ ነው።»
ትምባሆ ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤
ባዝራዋ ታውቃለች፤ ዞራ አይታኛለች።
አንድ ጣራ፣ አንድ አቧራ፣
ሁለት ደረት።

ሳንቃውን ነቀልኩት። ምስማሩ እየጮኸ ወጣ።
የክሌማንስን መታጠቢያ ገንዳ ወደ ደጅ አወጣሁ፣
ከኦዲሎን የገዛሁትን ድርቆሽ ልዘፈዝፍበት፤
ጭዱን ጠርጌ የእንጨት ፍቅፋቂ አነጠፍኩ።
ጠዋትና ማታ ጭምብል ካፍንጫዋ፣
የሚተነፈስ መድኃኒት ወደ ደረቷ፤
መጠኑ በየሳምንቱ እየቀነሰ።
ውጤቱ መጣ፤ ሐኪሟ አልተሳሳተችም።
«ይሻላታል» አለች በስልክ፣ «ግን ፈጽሞ አይለቃትም፤
መድኃኒቱ ጊዜ ይገዛል፤
የሚያኖራት አየሩ ነው።»
ለራሴም ቀጠሮ ይዣለሁ። ለማክሰኞ።
እኔም ቱቦ ውስጥ እተነፍሳለሁ አሉ።

አሁን የካቲት ነው። ኤግላንቲን ደጅ ታድራለች፣
በረዶ ጀርባዋ ላይ፣ በዝግባው ሥር ቆማለች።
መኝታ ቤቴን ከፍቼ አዳምጣለሁ።
ዝም። ዝም። የገንዳው በረዶ ሲሰነጠቅ ብቻ።
ሊነጋጋ ሲል፣ አንዴ፦ ኡህ።
«ሳለች» እላለሁ፣ ለባዶው ትራስ።
ብርዱ ይገባል።
ይግባ።