በሕይወት ስለመኖሬ

ከሐይቁ ዳር ነፋስ እየገፋኝ መጣሁ፣
ከዘንባባው ጥላ ሁለቴ አረፍ አልሁ፣
ለጡረታው ሰልፍ በምርኩዜ ቆምሁ።

ልጁ ቀና ሳይል፣ ዓይኑ ከስክሪኑ፣
«ጣትዎን ይጫኑ።»
ተጫንሁ። ቀይ በራ ማሽኑ።
«ሌላኛው ጣት እስቲ።» ቀይ።
«አውራ ጣት።»
ቀይ።

«ወይዘሮ አንጓች፣ አሻራ የለዎትም፤
በሕይወት መኖርዎን ሲስተሙ አላወቀም ገና፣
ከቀበሌ ወረቀት ያምጡና…»

የምን ወረቀት ነው የማመጣ?
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ክር ስቀጥል ያደርሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
የጣቴን ቆዳ የላጠው ያው ክሩ፤
አንተ በታቀፍህባት አቡጀዲ ላይ
ቀርቶ ይሆናል መስመሩ፤
ሂድና እዚያ ፈልገው፣ የኔ ልጅ።
ለምጽዋትማ አለ የጊዮርጊስ ደጅ፤
እኔ የመጣሁት
በየወሩ ከደሞዜ ለቆረጣችሁት።

ልጁ ቀና አለ። ዝም።
ማሽኑ ብቻ ቀይ እንደበራ ነው።

ከኋላዬ አያ ይሁኔ፣
በዓሣ ድርጅቱ ጀልባ መረብ ሲጎትት ያረጀው፣
መዳፉን ገልብጦ አየና
ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።