ያልተቆጠረ ተሰብሳቢ

ቀን፦ ቅዳሜ። ሰዓት፦ ሦስት ተኩል፤ የተጀመረው ግን አምስት ላይ።
ቦታ፦ መርሳ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ከአስፋልቱ በላይ።
የተገኙ፦ አርባ አንድ ሰው። ያልተገኙ፦ ሊቀመንበሩ፣
ለስልጠና ደሴ ድረስ፣ ማኅተሙን ይዘው የተሻገሩ።

አጀንዳ አንድ፦ ውሃ። አጀንዳ ሁለት፦ ውሃ። ሦስተኛው «ልዩ ልዩ» ይላል፤
እሱም ውሃ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጥማት መች ሌላ ስም ያወጣል?

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። እጄ የመንግሥት፣ ጆሮዬ የሰፈር፤
የተባለውን ሁሉ አልጽፍም፤ በደብተሬ ልክ ነው የምሰፍር።
ግን ዛሬ ልናዘዝ።

በስተግራ በኩል መስኮት አለ፣ መስታወቱ የወደቀ፤
ከሱ ሥር አንዲት ሴት ትቀመጣለች፣ ድንጋዩ ጀርባዋን ያወቀ።
ጦይባ ይማም። ሁለት ክራንች። ሦስት ደረጃ ከበሩ ፊት፤
ደረጃውን ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሲመረቅ ግን አጨብጭበናል፣ እኔም ነበርኩበት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ አልቀረችም፤ ሁለት ዓመት በደብተሬ የለችም፤
ደንቡ «አዳራሽ የገባ» ይላል፤ እሷ ደግሞ አልገባችም።

የውሃው ባለሙያ መጣ፣ ዘረጋ የካርታ ወረቀት፤
«ቦኖው እዚህ ጋ» አለ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከባንኩ ፊት።
ሀጂ እብሬ «ከመስጊዱ አፍ» አሉ፤ ቄስ ገበየሁ «ከደብሩ በር፤
ከእኛ ቀድተው ውዱ ቢያደርጉ፣ ሀጂ፣ ምን ይቀር ነበር?»
አዳራሹ ሳቀ። ቅሬ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣
ባንዱ ለቅሶ ሌላው ድንኳን ሲተክል ኖረው፣ በውሃ አይቆጡ።

ያኔ ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ፣ ሳይጮህ፣ ሳይለማመጥ፦
«የቧንቧው አፍ ከመሬት ስንት ነው?» ባለሙያው ቀረ ወረቀት ሲገልጥ።
«ሜትር ከሃያ» አለ። «እንግዲያስ» አለች፣ «ለኔ ሰማይ ነው፤
ለዙሪያሽ ልጅም ሰማይ ነው፤ ቀጂው ደግሞ ልጅ ነው።
ክራንቼን ጥዬ ጀሪካን ላንሳ? ጀሪካን ጥዬ ክራንች?
ከቦታው በፊት ቁመቱን ተነጋገሩ፤ ቦታማ የትም አለች።»

ማንም አልመለሰም። ከገበያው የፍየል ድምፅ፣ የበርበሬ ማስነጠስ፤
የወልድያ አውቶቡስ ጡሩምባ፣ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ።

ሀጂ እብሬ ቀድመው ተነሡ፤ ወንበራቸውን አንጠልጥለው
ሦስቱን ደረጃ ወረዱ፤ ቄሱም መቋሚያቸውን አስከትለው።
ከዚያ ሕዝቡ፣ አግዳሚውን ለሁለት ለሁለት ተሸክሞ፣
ከጦይባ ድንጋይ ዙሪያ ተሰየመ፣ እንደገና ክብ ገጥሞ።
(ሁሉም ለፍቅር አልወጣም፤ እውነት ልጻፍ ካልኩ አይቀር፤
አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ውጭ የዋርካ ጥላ ነበር።)

ባለሙያው «ዲዛይኑ ከክልል ነው» አለ፣ «ቀበሌ አያርመውም»፤
ጦይባ፣ «ክልል ጀሪካን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ አላየሁትም»።

ውሳኔ፦ የቧንቧው አፍ በስልሳ፤ መዳረሻው ደረጃ የሌለው ተዳፋት፤
ቦታው ከመስጊዱም ከደብሩም እኩል፣ ከቄራው መንገድ እጥፋት።
ቅሬው አሸዋ፣ ወጣቱ ጉልበት፤ ወረዳው ቧንቧ ሊያቀርብ፤
ሠላሳ ስምንት ደገፉ፣ ሦስቱ እጃቸው ኪስ ውስጥ፤ ይኸም ይመዝገብ።
እሷም እጇን አውጥታ ነበር። ክራንቹ ወደቀ፤ የሚያነሳው በረከተ።
ድምፅዋ የት እንደሚደመር ግን ለጊዜው ብዕሬ ሳተ።

አሁን ማታ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ብርሃን እያየሁ
«አርባ አንድ» ያለውን ሰርዤ «አርባ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።
ስርዝ ድልዝ ያለበት ቃለ ጉባኤ ወረዳ አይቀበልም ይሉኛል፤
ይሁን፤ ያለ ስርዝ የጻፍኩት ሁሉ ዛሬ ስሕተት ይመስለኛል።

ሦስቱ ደረጃ ዛሬም አለ። በጀቱ «ለሚቀጥለው» ተብሏል።
ማኅተሙ ማክሰኞ ይመለሳል።
ውሃው መቼ እንደሚመጣ ግን
አልተጻፈም።