ሦስት አጭር

ሐወሊ ነው፣ ደረጃ ወርደን፣ ከምድር በታች ያለች ሱቅ።
ነሐሴ እዚህ አገር አያዘንብም፣ አስፋልት ያቀልጣል፤
ኤሲው ብቻ ባልዲ ውስጥ ጠብ ይላል፣ እኛም ከባልዲው አንርቅ።

ቢጁ፣ የኬረላው፣ እርሳሱን እንደ አናጢ ጆሮው ላይ ሰክቶ
ከዳቦ ቤት የመጣ ኮምፒውተር ሆዱን ከፈተው፣ በጎኑ አስተኝቶ።
ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ አሸዋ።
ይኼ ቢቦካ፣ አልኩ በልቤ፣ ስንት ሰው ያበላ ነበር።

«አትዪው» ይለኛል ሁልጊዜ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
«መጀመሪያ አድምጪው። ስክሪኑ ሳይበራ ራሱን ይፈትሻል፣
ያመመውን በጩኸት ይናገራል።
የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።»

የተቀጠርኩት ለመወልወል ነበር።
ጆሮዬ ግን ሥራ አልፈታም፤ በስምንት ወር ይህን ለቀመ፦
አንድ ረጅም ሁለት አጭር፣ የስክሪን ካርድ፣ ነቅለሽ መልሺው፤
ሳያቋርጥ ቢያላዝን፣ ኃይል ነው፣ ገመዱን እዪው፤
ሦስት አጭር፣ ሜሞሪ።
አንድ አጭር ብቻ ካለ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፣
ክዳኑን ግጠሚ፣ ባለቤቱን ጥሪ።

ማብሪያውን ተጫንኩ።
ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።
ሜሞሪውን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ፣
ያው በአራተኛ ክፍል የሒሳብ ስህተቴን ያጠፋሁበት ዓይነት፣
አንድ ጫፉ ቀይ፣ አንድ ጫፉ ሰማያዊ።
እፍ አልኩበት። መለስኩት፣ ቀጭ እስኪል።
ጢጥ።
ቢጁ አውራ ጣቱን አነሳ።

ሰዓቱ ግን፣ ባትሪው ሞቶ፣ ቀኑን ረስቶታል፦
01/01/2017።
ቢጁ ሳቀ። «ስምንት ዓመት ተኝቶ ነው የነቃው!»
እኔ አልሳቅኩም።
በእኛ ቁጥር ዓመቱ ልክ ነው፤
በዚህ ሱቅ፣ በዚህ ከተማ፣ ልኩን የተናገረ እሱ ብቻ።
አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።
መስከረም አንድ።

ያን ቀን ማዳም ቤት ነበርኩ፣ የእንግዳ ሳህን ሳጥብ
ስልኬ በሽርጤ ኪስ ሦስት ጊዜ ጮኸ።
እጄ አረፋ ነበር። የማዳም ዓይን በሩ ላይ ነበር።
ዚነት ነበረች፣ ታናሼ፣ ከኦቦክ ዳር፣
ጀልባው ሳይነሳ፣ በማላውቀው ሰው ቁጥር።
ማታ መልሼ ደወልኩ።
ነገም። ከነገ ወዲያም።

ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ቅባት ጠጥቶ።
የመጨረሻው ረድፍ «ድምፅ ከሌለ» ይላል፣
ፊት ለፊቱ ቢጁ በእርሳስ ሰረዝ አድርጎበታል።

«ባትሪው ግማሽ ዲናር። ቀኑን አስተካክዪና ስጪያቸው።»
ሳንቲም የምታክለውን ቀየርኩ፣
ጣቴን የመደመር ምልክቷ ላይ አኖርኩ፣
ዓመቱን አንድ አንድ እያልኩ ወደ እነሱ ዘመን ገፋሁት፣
አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣
ከዚያ ጣቴ ቆመ።

የዳቦ ቤቱ ልጅ ደረጃው ላይ ሆኖ «አለቀ?» አለ።
«ቆይ» አልኩት፣
«ገና ራሱን እየፈተሸ ነው።»