ገደማ

ሦስት ትንንሽ ሣጥን፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይላል፤
«አንዱን ባዶ ብትተው፣ ማሽኑ ይጮኻል።»
ፊንታን ነው እንዲህ ያለው፣ ከሊቨርፑል ደውሎ፣
የዘር ሐረጋችንን ሊጨርስ ቸኩሎ።

እኔ እዚህ ቤልሙሌት፣ ዓሣ ጭኜ ገብቼ፣
ሽታው እንዲለቀኝ እጄን በሎሚ አሽቼ፣
ከወረቀት ክምር የአያቴን እናት እጠራለሁ፤
«ሳባይና ጋውን፣ መቼ ተወለድሽ?» እላለሁ።
ትመልሳለች እሷም፤ መልሷ ግን ብዙ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፣ ቆጣሪው ሲመጣ፣
«ሃምሳ ሁለት» አለች፣ ከደጃፏ ወጥታ፣
ፈገግ ብላ።
(ፈገግታው የእኔ ነው፤ ቅጹ ላይ የለም።)
በዐሥረኛው ዓመት ሌላ ቆጣሪ መጣ፤
«ሰባ አራት» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።
ዐሥር ዓመት ቢያልፍ፣ ሃያ ሁለት አረጀች!
እሷ ብቻ ብትሆን፣ ሐዘን ነው እል ነበር፤
ግን ጎረቤቷም፣ የጎረቤቷም አማች፣
መንደሩ በሞላ በአንድ ሌሊት ሸበተ።
ምን ወረርሽኝ ገባ?

ጡረታ ነው የገባ።
ሰባ ዓመት ለሞላው፣ አምስት ሽልንግ በሳምንት፤
ማስረጃ አምጡ ሲባል፣ ማን አለው የልደት ወረቀት?
ሹሙም ተቸግሮ፣ ብዕሩን እያኘከ፣
ዕድሜያቸውን በትዝታ ሊለካ ጠየቀ፦
«በትልቁ ነፋስ ሌሊት፣ ነፍስ አውቀሽ ነበር?»
ያ በሠላሳ ዘጠኝ፣ በጃንዋሪ ጨለማ፣
ጀልባ ከባሕር አንሥቶ
ድንች ማሳ ላይ ያሳረፈው ነፋስ።
«እንዴታ!» አለች ሳባይና፤ «ትኩስ ድንች ይዤ፣
መዳፌን እየፈጀኝ፣ ከእናቴ ጉያ ሆኜ፣
የሣር ክዳናችን እንደ ዝይ መንጋ ሲበር አየሁ።»
ሹሙ ጻፈ። ማኅተሙን መታ።

ባለፈው ሐሙስ፣ የደብሩ መዝገብ ቅጂ ደረሰኝ፤
ኦክቶበር ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ስድስት፦
«ሳባይና፣ የፌሊምና የኡና ልጅ፣ ተጠመቀች።»
ጥምቀት እንጂ ልደት ባይሆንም፣ ይሁን፤
ያኔ ሕፃን በማግስቱ ነበር የሚጠመቀው።
ልቤ ዘለለ። ሦስቱም ሣጥን ሊሞላ!
ብዕሬን እንዳነሣሁ፣
ኅዳጉ ላይ አንዲት መስቀል አየሁ፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል።

ቄሱ መስቀል የሚሠሩት ለቀበሩት ልጅ ነበር።

ከዚያ ድንቹ በሰበሰ።
አራት ዓመት መዝገቡ ባዶ ነው፤
ለሞተውም፣ ለተወለደውም፣ የሚጽፍ እጅ ጠፋ።
በዚያ ነጭ ገጽ ውስጥ፣ ማታ ይሁን ንጋት፣
ሌላ ሴት ልጅ መጣች፤ ስሙን አወረሷት።
ምትክ።

ድንቹ የፈጀው መዳፍ፣ የእኅቷ ነበር ለካ፤
እናቷ ስታወራ እየሰማች አድጋ፣
እጅዋ ላይ ቀረ።
ቀን ያላት ዕድሜ የላት፤
ዕድሜ ያላት ቀን የላት።
በየዓርቡ ከፖስታ ቤት፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣
ለፒፓዋም ትምባሆ፤
ታላቅየዋ ከአፈር በታች ሆና ታናሿን ጦረች።
መንግሥት ያመነውን ቁጥር፣ ድንጋይም አመነው፦
«በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ዐረፈች» ይላል መቃብሯ።
ቀራጩ በፊደል ልክ ነበር የሚከፈለው፤
ማብራሪያ የለም።

ፊንታን፣ ስማኝ፤ ከእንግዲህ ሁለት መስመር ነው።
ለመጀመሪያዋ ሦስቱንም ሣጥን ሙላላት፤
ሌላ ምንም የላትም።
ለእኛዋ ቀኑን ተወው፤ ወሩንም።
«ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስምንት ገደማ» በል።
ገደማ ስትል፣ እዚሁ አካባቢ ናት፣
ገና አልደረስኩባትም ማለትህ ነው።

ጻፍኩት።
ማሽኑ ጮኸ።
ዓሣው ነገም አለ፤ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።